የሰከንድ ስምንት ሺኛ

ነርሷ የጠየቀችው ቀላል ጥያቄ ነበር። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሽማግሌውን ሙቀት ለካች፣ የደም ግፊቱን ለካች፣ ቀጥላ ወረቀቷን ክንዷ ላይ አስደግፋ፣ "አባባ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?" አለችው። ሽማግሌው ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣ፤ የእጅ ሰዓቱን ወደ ዐይኑ አቀረበ፣ መልሶ ራቅ አደረገ፣ ከዚያ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየቆረጠ፣ "ሃያ ሰዓት፣ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ከአርባ ሰከንድ" ሲል መለሰላት።

ነርሷ አልሳቀችም። አዝና አየችው እንጂ። ሃያ ሰዓት የሚባል ሰዓት ከተወለደች ጀምሮ ሰው በቃሉ ሲናገረው ሰምታ አታውቅም። "እሺ አባባ፣ ይረፉ" ብላ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጻፈችና አልጋው እግር ላይ ሰቀለችው።

ሴት ልጁ ቴርሞስ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ሰምታለች። "ሲስተር፣ እሱ እኮ ልክ ነው" ለማለት አፏን ከፍታም ነበር። ቃሉ እስኪወጣ ግን ነርሷ በአጠገቧ አልፋ ወደሚቀጥለው ክፍል ገባች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ የምትለው ነገር አፏ ላይ የሚደርሰው ሰው ከሄደ በኋላ ነው። እናቷ "ይቺ ልጅ መልሷን በፖስታ ነው የምትልከው" እያለች ትስቅባት ነበር።

ቴርሞሱን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠችና ወረቀቱን አነበበችው። "ጊዜ ለይቶ አያውቅም" ይላል።

ዕድሜውን ሙሉ ጊዜ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው የተጻፈ ነገር ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብላ ትቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን መተላለፊያው ላይ ወጥታ ቆመች፤ ነርሷ ሁለት በሽተኛ እስክትጨርስ ጠበቀቻት፤ ስትወጣም ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ አስረዳቻት። አባቷ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያው ሰዓት ጠባቂ እንደነበረ፣ በእጁ ያለው ሰዓት እንደ ፀሐይ ሳይሆን እንደ ከዋክብት የተሞላ እንደሆነ፣ በከዋክብት የሚለካው ቀን በፀሐይ ከሚለካው በሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት ሰከንድ እንደሚያጥር፣ ቆጠራውም ከዜሮ ተነሥቶ እስከ ሃያ አራት እንደሚሄድ ነገረቻት።

"ታዲያ እንደ ሰው ሰዓት ቢሞላው ምን ይለዋል?" አለች ነርሷ።

"እሱም እንደዚያ ነው የሚለው። እናንተ እንደ ኮከብ ብትሞሉት ምን ይላችኋል ይላል።"

ነርሷ በዚህኛው ሳቀች። ተመልሳ ገባችና መስመሩን በእስክሪብቶ ሰረዘችው፤ ከላዩም "ጊዜ ያውቃል። የራሱ ሰዓት አለው" ብላ ጻፈችበት። አባትየው ትራሱ ላይ ሆኖ ሁለቱንም በየተራ አያቸውና፣ "ጠበቃ አቁሜ ነው ለካ የተኛሁት" አለ።

ልጅቷ የተሰረዘውን መስመር ስታየው ቆየች። ሰው በራሱ መለኪያ ለክቶ ስለ አባቷ የተሳሳተ ነገር ሲጽፍ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። የመጀመሪያውን የጻፈችው እሷ ናት። ያኛውን የሰረዘው ማንም የለም።

*

አባቷ የሚጠራት ናኖ ብሎ ነው። ስትወለድ ሁለት ኪሎ አትሞላም ነበርና፣ ከሰከንድ ቢልዮን ቁራጮች አንዷ ናት ብሎ ያወጣላት ስም ነው። ናኖሰከንድ ምን እንደሆነ ያስረዳትም ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለች በማስመሪያዋ ነበር። "ብርሃን በአንዲት ናኖ የሚሄደው ከዚህ እስከዚህ ነው" ብሎ የሠላሳ ሳንቲሜትሯን ማስመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ሄደባት። በማግስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ማስመሪያዋን ለሰው ማዋስ አቆመች።

ማታ ማታ ራት ሲቀርብ አንድ ጨዋታ ነበራቸው። አባቷ ድንገት "ዘርዝሪልኝ" ካለ ትልቁን ጊዜ ወደ ትንንሹ መመንዘር ነው። ቀን ስንት ሰከንድ ነው? ሰማንያ ስድስት ሺህ አራት መቶ። ዓመትስ? ሠላሳ አንድ ሚልዮን ከአምስት መቶ ሃምሳ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ። "ሰብስቢልኝ" ካለ ደግሞ ትንንሹን አከማችቶ ወደ ትልቁ መውጣት ነው። አንድ ቢልዮን ሰከንድ ስንት ይሆናል? ሠላሳ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ከስምንት ቀን ገደማ። እናቷ ወጧን እያማሰለች፣ "መጀመሪያ ውጭ ያለውን ልብስ ዝናብ ሳይመጣ ሰብስቢልኝ" ትላት ነበር።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ለአባቷ ተራ ቁጥር አልነበረም። በሃያ ስድስት ዓመቱ ጣቢያው ገብቶ የኮከብ ሰዓቱን ቁልፍ ከተረከበበት ቀን አንሥቶ፣ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ያችን ሰዓት አንድ ቢልዮን ሰከንድ ሊጠብቅ አስቧል። ሰዓቷ ረጅም ፔንዱለም ያላት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የምትቆም፣ ከምድር ቤቱ የድንጋይ ምሰሶ ጋር የታሰረች ነበረች። ጥርት ባለ ሌሊት ሁሉ ከዋክብት በትልቁ የሰማይ መነጽር ውስጥ በተዘረጋው ክር ላይ ሲያልፉ እየመዘገበ፣ ፔንዱለሙ ወገብ ላይ ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ የምስር ፍሬ የማታህል ክብደት እየጨመረ ወይም እየቀነሰ በሺኛ ሰከንድ ያርማት ነበር። ክብደት ሲጨመር ትፈጥናለች፤ ሲቀነስ ትዘገያለች። "አንድ ናኖ ለአንድ ሰከንድ ማለት፣ አንድ ሰከንድ ለእኔ አገልግሎት ሙሉ ማለት ነው" ይል ነበር። ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ኩራት ሲይዘው እንደዚያ ነው።

ልጅቷ ፊዚክስ ተምራ ስትመረቅ የልኬት መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። እዚያ ያለው ሰዓት ፔንዱለም የለውም፤ ድምፅ የለውም፤ ቁምሳጥን የሚያህል ግራጫ ሣጥን ሆኖ የአቶም ንዝረት ይቆጥራል። የእሷ ሥራ የዚያን ሣጥን ልዩነት በናኖሰከንድ እየጻፉ መዋል ነበር። አባቷ የመጀመሪያ ቀን ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ጠብቆ፣ "ስንት ናኖ ስተሽ መጣሽ?" አላት።

በገባች በሰባተኛው ወር አለቃዋ ጠራት። የኮከብ መመልከቻው የሰዓት ክፍል ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚለው ሊወሰን ስለሆነ፣ አሮጌዋ ሰዓት ከአቶሙ ሰዓት ጋር ለአርባ ቀን ተነጻጽራ ሪፖርት እንዲቀርብ ተፈልጓል። ጠባቂው አባቷ መሆኑን አለቃዋ ያውቃል። "ዝምድና በናኖሰከንድ አይለካም፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ" አላት። ለሌላ ሰው ስጥልኝ ማለት ትችል ነበር። መልሱ አፏ ላይ ሲደርስ ከቢሮው ወጥታ ደረጃ ላይ ነበረች።

አርባ ቀን አነጻጸረች። ለአባቷ አንድም ነገር አልጠየቀችውም፤ መጠየቅ አድልዎ መሰላት። የከዋክብትን ቀን ወደ ሰከንድ ለመመንዘር ከማጣቀሻው መጽሐፍ ላይ ቁጥሩን ወሰደችና አሰላች። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ሰዓቷ በየቀኑ በሰከንድ ስምንት ነጥብ አራት ሺኛ ትቀድማለች፤ አርባውንም ቀን በአንድ አቅጣጫ፤ ጠባቂዋም አላረማትም። ይህንን ጻፈች። አለቃዋ ፈረመበት። ከሁለት ወር በኋላ የሰዓት ክፍሉ ተዘጋ።

አባቷ ቢልዮኑ ሊሞላለት ስድስት ወር፣ ማለትም አሥራ ስድስት ሚልዮን ሰከንድ ያህል ሲቀረው ወጣ። ሰዓቷን የሚፈልግ ስላልነበረ መሸኛ ብለው ሰጡት። በጭነት መኪና ላይ ፍራሽ አስተኝቶ፣ ከላይ ብርድ ልብስ አልብሶ አመጣት። እናቷ በር ከፍታ ስታያት፣ "ይቺ ደግሞ ወለደች እንዴ፣ እንዲህ የተሸፈነችው?" አለች።

*

ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት ዓመታት አባቷ የኖራቸው ያቺን ስምንት ሺኛ ሲፈልግ ነው።

መጀመሪያ ሪፖርቱ እንዳለው ትዘግይ ብሎ ከሳህኗ ላይ አንዲቱን ክብደት አወረደ። ከዚያ በሬዲዮ የሰዓት ምልክት ሲፈትናት ደግሞ ወደ ኋላ የምትቀር መሰለው። ጥፋቱን በግድግዳው ላይ አደረገ፤ አውቶቡስ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል አለ። ከሳሎን ወደ መተላለፊያው ወሰዳት። ከዚያ ደግሞ የኩሽናው ሙቀት ነው ብሎ ወደ መኝታ ቤት። ሦስት ሳምንት ለክቶ ያነሣታል፣ አዲስ ቦታ ይሰቅላታል፣ ቆጠራውን እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እናቷ "መጥረጊያዬ እንኳ ቤቱን እንደዚህ አልዞረውም" ትል ነበር፤ ግድግዳው ወንፊት እስኪመስል ድረስ ተበሳ። እሱ ግን ስምንት ነጥብ አራቷን በሃያ አራት ሰዓት፣ በደቂቃ፣ በፔንዱለሙ እያንዳንዱ ውዝዋዜ እያካፈለ በአሥራ አንድ ደብተር ላይ ዘረዘራት። ስህተቷ እያደር እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ ከእጁ የምታመልጥ ሆነች።

ቢልዮኑ ሊሞላበት የነበረው ቀን ሲደርስ ኮቱን ለብሶ ሰዓቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እናቷ አይታው "ማን ሞተ?" አለችው። "ማንም" አለ። ጥቂት ቆይቶ ኮቱን አወለቀና መልሶ ሰቀለው። "የተሳሳተ ሰዓት ሞላ አይባልም" አለ። ልጅቷ የዚያን ዕለት ራቷን መብላት አልቻለችም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለእሷ የጠራላት ከስምንት ወር በፊት ነው። መሥሪያ ቤቱ ለተማሪዎች የሚታደል ትንሽ መጽሐፍ እንድታዘጋጅ አዘዛት፤ የጊዜ መለኪያዎችን ከናኖሰከንድ እስከ ከዋክብት ዓመት የሚመነዝር ሠንጠረዥ ነው። ያንኑ ማጣቀሻ ገልጣ ስትሠራ ሁለት መስመሮች አንዱ ከአንዱ ሥር ተጽፈው አየች። አንደኛው ከሩቅ ከዋክብት አንጻር የሚለካው ቀን ነው። ሁለተኛው ፀሐይ ቀንና ሌሊትን እኩል በምታደርግበት የሰማይ ነጥብ የሚለካው ነው፤ ያ ነጥብ ራሱ በከዋክብቱ መካከል በጣም በዝግታ ይንሸራተታል። ሰዓት ጠባቂዎች ሁሉ የሚሞሉት በሁለተኛው ነው። የሁለቱ ልዩነት የሰከንድ ስምንት ነጥብ አራት ሺኛ ነው።

ቁጥሯን ያወቀቻት የራስን ጠባሳ በሚያውቁበት ፍጥነት ነበር። ያኔ የወሰደችው አንደኛውን መስመር ነው። ሰዓቷ የምትጠብቀው ከዋክብትን ነው፣ እንግዲህ የከዋክብቱን መስመር ልውሰድ ብላ። የአባቷ ሰዓት ስታ አታውቅም ነበር።

ስምንት ወር ሙሉ ልትነግረው አስባ ስምንት ወር ሙሉ አልነገረችውም። እሑድ እሑድ ቤት ስትሄድ እሱ አንዴ ግድግዳ ሲበሳ፣ አንዴ ደብተር ላይ አጎንብሶ ታገኘዋለች፤ መፍቻውን ታቀብለዋለች። ከዚያ ልቡ ታመመ።

*

ረቡዕ ዕለት ሐኪሙ መተላለፊያው ላይ ለብቻዋ አነጋገራት። ልቡ ደክሟል፤ ምናልባት ሳምንት ቢቀረው ነው። ተመልሳ ስትገባ አባቷ ዐይኑን ከጣሪያው ሳይነቅል፣ "ስንት አለሽ?" አላት። ለመዋሸት እንኳ ፈጣን አልነበረችም።

"ሳምንት።"

"ዘርዝሪልኝ።"

"ስድስት መቶ አራት ሺህ ስምንት መቶ ሰከንድ።"

"በናኖስ?"

"ስድስት መቶ አራት ትሪልዮን ከስምንት መቶ ቢልዮን።"

"ሀብታም ነኛ" አለ አባቷ፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው።

የዚያን ቀን ልትነግረው ሁለት ጊዜ ሞክራለች። መጀመሪያ እናቷ ሾርባ ይዛ ገባች። ሁለተኛ ነርሷ መርፌ ይዛ መጣች። ሁለቱም ባይመጡም ኖሮ እንደማትነግረው ታውቃለች። በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ይህ ሰው እጄ ከዳኝ እያለ ሊሞት ነው ብላ አሰበች። እጁ ግን አልከዳውም። ይህንን በዓለም ላይ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ናት፣ እሷም አፏን ይዛ በአውቶቡስ ትሄዳለች።

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለብቻቸው ሆኑ። እናቷ ልብስ ልትቀይር ቤት ሄዳለች። አባቷ በሁለት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ትንሽ ወዝ ነበረው። እሷ ወንበሩን አስጠጋች። ሌሊቱን ሙሉ ስታጠናው ያደረችው ዓረፍተ ነገር ጠፋባት። በአፏ የመጣው ጨዋታው ነበር።

"አባዬ፣ ዛሬ እኔ ልጠይቅህ።"

"በይ።"

"በቀን ስምንት ነጥብ አራት ሺኛ ሰከንድ። በዓመት ሰብስብልኝ።"

ፊቱ ወዲያው ጠቆረ። "እሷንማ ተዪኝ" አለ። "አራት ዓመት ታግያታለሁ።"

"ዘርዝረሃታል እንጂ ሰብስበሃት አታውቅም። ሰብስባት።"

ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እንደ ድሮው በቃሉ ሲያባዛ የቀኝ እጁ አውራ ጣት በጣቶቹ አንጓ ላይ እየወጣች ትወርድ ነበር። "ሦስት ሰከንድ" አለ። "ሦስት ነጥብ ዜሮ..." አውራ ጣቱ ቆመች። "ሦስት ነጥብ ዜሮ ሰባት።"

ያችን ቁጥር እሷ በአሥራ አራት ዓመቷ የተማረችው ከእሱ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት የሰማዩ መነሻ ነጥብ በዓመት የሚንሸራተተው ያን ያህል ነው።

"ማጣቀሻው ላይ ሁለት መስመር አለ" አለች፤ ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። "እኔ የወሰድኩት የከዋክብቱን ነው። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ አባዬ። ሰዓቷ አልሳተችም ነበር። አንድም ቀን አልሳተችም።"

መተላለፊያው ላይ ጎማው የሚጮህ ጋሪ አለፈ። አባቷ ውኃ ጠየቀ። ብርጭቆውን ይዛለት ሁለት ጊዜ ጎነጨ፣ አገጩን በፎጣ ጠረገችለት።

"አንቺ መሆንሽን አውቅ ነበር" አለ።

ቀና ብላ አየችው።

"ከኋላው የተያያዘው ሠንጠረዥ በእጅ የተጻፈ ነው። ሰባትን በወገቧ መቀነት የምታስታጥቂያት አንቺ ነሽ፤ ማን አለ ሌላ።" ትንፋሹን ለመሰብሰብ ቆም አለ። "የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቁጭ ብዬ እመረምረው ነበር። የናኖ ሒሳብ ነው ብዬ ነው ያመንኩት።"

ይህን ያለው ሊወቅሳት አልነበረም፤ እንደዚያ የሆነ ነገር ስለሆነ ብቻ ነው የተናገረው። እሷ ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ አድርጋ፣ "ይቅር በለኝ" አለች። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ጠየቃት። ስምንት ወር አለችው። ስምንት ወር ብሎ ደገመው፤ ዘርዝሪልኝ አላለም።

እጁ ፀጉሯ ላይ ያርፍ እንደሆነ ጠበቀች። እጁ የእጅ ሰዓቱን ሲያስተካክል ሰማችው።

"ያወረድኳት ክብደት የክብሪት ቀፎ ውስጥ ናት" አለ በመጨረሻ። "የደብተሮቹ መሳቢያ ውስጥ፣ በጥጥ ተጠቅልላለች። በወረንጦ ያዢያት። ፔንዱለሙን እንዳታቆሚው፤ እንደተወዛወዘ ሳህኗ ላይ ነው የምታስቀምጫት። ሂጂ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

"አባዬ፣ እማዬ ትምጣና ነገ..."

"አሥር ቀን ሳይሞላ ልክ መሆኗ አይታወቅም" አለ። "ዛሬ ካልተጀመረ መቼ ሊሞላ ነው?"

አሥር ቀን እንደሌለው ሁለቱም ያውቁ ነበር። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

*

ሰዓቷ አሁን ያለችው መኝታ ቤት ነበር፣ በቁምሳጥኑና በመስኮቱ መካከል፤ ስድስተኛ ቦታዋ ነው። የክብሪት ቀፎውን ባለበት አገኘችው። ክብደቷ ከምስር ታንሳለች። የመስታወቱን በር ከፍታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ፔንዱለሙ ወዲህ ሲመጣ እጇን አብራ እየወሰደች ሦስት ጊዜ ሞከረች። በአራተኛው ክብደቷ ሳህኑ ላይ ያለ ድምፅ ተቀመጠች።

እናቷ የአልጋ ልብስ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ስታያት ነበር። ምን እያደረግሽ ነው አለቻት። ልጅቷ ጀርባዋን ሳታዞር፣ ሰዓቷ ከመጀመሪያው ልክ እንደነበረች፣ የተሳሳተው የእሷ ሪፖርት እንደሆነ ነገረቻት። እናቷ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳውን አየችው፤ የተበሳበትን፣ የተደፈነበትን፣ እንደገና የተበሳበትን።

"ለእሱ ነገርሽው?"

"ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

"ሂጂ አስተካክያት አለኝ።"

እናቷ የያዘችውን የአልጋ ልብስ አጠፈችው፤ ታጥፎ የነበረ ቢሆንም እንደገና አጠፈችው። "እንግዲያው በሩን ዝጊና እንሂድ" አለች። "ብቻውን ነው።"

ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሆኗል። አባቷ ተኝቶ ነበር፤ አላስነሡትም። ዓርብን በሙሉ ማለት ይቻላል ተኝቶ ዋለ። አመሻሽ ላይ አንድ ጊዜ ዐይኑን ገለጠና ፈልጎ አገኛት።

"ገባች?" አለ።

"ገባች አባዬ። ሳይቆም።"

ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ የተናገረው ነገር የለም። ይቅር ብሎኛል ወይስ ሰዓቷን ብቻ ነው ያሰበው የሚለውን ልጅቷ በኋላ ብዙ ጊዜ አሰላችው፤ በየትኛው መስመር እንደሚመነዘር አላወቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሞተ። እናቷ እግሩን ይዛ ነበር፣ ልጅቷ እጁን። ያቺው ነርስ መጥታ ደረቱን አዳመጠች፣ ዐይኑን ከደነችለት፣ ወረቀቷን አውጥታ የሞተበትን ሰዓት ጻፈች። ልትሄድ ስትል ቆመችና ወደ ልጅቷ ዞረች።

"በእሱ ሰዓትስ?" አለቻት።

ልጅቷ የአባቷን የእጅ ሰዓት አየች። "አሥራ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ደቂቃ" አለች። ነርሷ እሱንም ከሥሩ ጻፈችው።

አሥሩ ቀን የሞላው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ነው። ልጅቷ ከመሥሪያ ቤቷ በፈቃድ ያመጣችውን መለኪያ ሰዓቷ አጠገብ አቁማ፣ ትክክለኛውን መስመር ይዛ መነዘረች። የአሥሩ ቀን ልዩነት ተደምሮ ከሰከንድ ሁለት ሺኛ አልበለጠም። በአሥራ አንደኛው ደብተር ላይ ከአባቷ የመጨረሻ መስመር ሥር ቀኑንና ቁጥሩን ጻፈች። ሰኞ ጠዋት የእርማት ደብዳቤዋን ለአለቃዋ ሰጠችው። አለቃዋ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ፈረመበት፣ ከአሮጌው ሪፖርት ጋር እንዲያያዝም ወደ መዝገብ ቤት ላከው።